የመምህር ወልተር የቀኝ ገጽ

ወልተር ልደት በተጠራ ቁጥር ክብ የተደረደሩትን ወንበሮች ዞሮ፣ ባለልደቱንም እናቱንም ጎረቤቱንም አንድ በአንድ ጨብጦ እንኳን አደረሳችሁ ካለ በኋላ፣ ኬኩ ሳይደርሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው። «ያ ታናሽ ወንድምሽ አሁን ምን እየሠራ ነው?» ይላል። ወይም «ያቺ የአክስትህ ልጅ ትምህርቷን ጨረሰች?» ይላል። የማያውቀው ሰው ወሬ ቃራሚ ይመስለዋል። የእሱና የእኔ ክፍል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ስለነበረ፣ እኔ ለምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቤቱ ሲገባ አረንጓዴ ደብተሩን አውጥቶ የሰማውን ይጽፋል።

እኔ ያኮባ እባላለሁ። ዝዋርትስላውስ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማችን ሰባተኛ ክፍል አስተምር ነበር፤ ወልተር ደግሞ የመጨረሻውን፣ ስምንተኛን፣ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ያዘ። የስምንተኛ መምህር እንደ ሌሎቻችን አይደለም። ልጆቹ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው መንገዳቸው ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ አንዱ ወደ መካከለኛው፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያደርሰው ወደ ላይኛው። ማን በየትኛው ይሂድ የሚለውን ሚኒስትሩ አይናገርም፣ ፈተናም ብቻውን አይወስንም። መምህሩ ነው ቃሉን የሚሰጠው። በጥር ወላጅና ልጅ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተጣብቀው ይቀመጡና የመምህሩን ቃል ይሰማሉ። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት ነው። ውጤቱ ከመምህሩ ቃል ከፍ ካለ መምህሩ ጉዳዩን እንደገና መክፈት አለበት፤ ዝቅ ካለ ግን ቃሉ እንዳለ ይጸናል። ይህ ሕግ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ድሮ ውጤቱ ምንም ቢሆን የመምህሩ ቃል ይጸና ነበር።

የወልተር ደብተር ግራ ገጽ ላይ የልጁ ስም፣ የፈተናው ውጤት፣ የወልተር ቃልና አንድ መስመር ምክንያት ይሰፍራል። ቀኙ ገጽ አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት ባዶውን ይቆያል። አንድ ቀን ልደት ላይ ወይም ቅዳሜ አይብ ተራ ልጁ ምን እንደሆነ ይሰማና፣ ያንን ጽፎ ከሥሩ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ «ትክክል»፣ ወይም «ከፍ አድርጌያለሁ»፣ ወይም «ዝቅ አድርጌያለሁ»። በየክረምቱ ደግሞ «ትክክል» ያላቸውን ይደምራል። በመጨረሻ የነገረኝ ከመቶ ሰማንያ ሁለት ነበር። ልጆችን የሚፈትን መምህር ሞልቷል፤ ራሱን የሚፈትን ግን ከወልተር ሌላ አላየሁም።

የንስሐ ደብተርህ እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱ አይቆጣም። ዳቦ ጋጋሪ ዳቦው ማረሩን እዚያው ምድጃው አፍ ላይ ያያል፣ የእኔ ዳቦ ግን የሚወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፣ ሄጄ ካላየሁ ማን ያይልኛል ይለኝ ነበር። ወልተር ደስተኛ ሰው ነው። ዝናብ እየወረደበት በብስክሌት ይመጣል፣ ከኪሱ ጥቁሩን ጨዋማ ከረሜላ አውጥቶ ለሁሉም ያድላል፣ ቀትር ላይ ከዚያችው ከተጨረማመተች ቆርቆሮ ሣጥኑ አይብ በዳቦ ይበላል። ሰኞን ሲያማ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ጉድለት ግን ነበረው፤ እኔም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ገና ጀማሪ ሳለ የአንድ ዳቦ ጋጋሪን ልጅ ወደ ላይኛው መንገድ ላከው። ልጁ ሁለት ዓመት ታግሎ አቃተውና ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ወልተርን መንገድ ላይ ሲያይ ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ወልተር ከዚያ በኋላ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት የልጁን ቤት ማየት አመጣ። በቤት ውስጥ መጽሐፍ አለ? የቤት ሥራ ሲከብደው የሚያግዘው አለ? ከሌለ አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። ከላይ የወደቀ ልጅ ይሰበራል፣ ከታች የጀመረ ግን እየሣቀ ይወጣል ይላል። ክፋት አልነበረበትም፤ ደግነት መስሎት ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ ራሱን ከፍ ያደረገ ሰው ስለማይወደድ፣ ወላጆቹም አመስግነውት ይሄዱ ነበር።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ማሪት ደረሰችው። ማሪት ከእሱ በፊት የእኔ ተማሪ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ሲጠይቋት የሹራቧን እጅጌ ትጠቀልላለች። አንድ ቀን ስለ ወንዙ የውሃ በር ሒሳብ ሰጠኋቸው፣ መርከቧ ከፍ እንድትል በበሮቹ መካከል ያለው ክፍል በውሃ እስኪሞላ ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚል። ሁሉም ሠርተው ሲያበቁ እሷ እጇን አውጥታ፣ የውሃው በር ያፈስሳል፣ የሚያፈስሰውን ቆጥረነዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልቆጠርኩትም ነበር። አባቷ ሩሎፍ በመርከብ መሥሪያው ሞተር ይጠግናል፤ ልጅቷም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሱ ጋር ሞተር ክፍል ስትወጣና ስትወርድ ነው የምትውለው።

ሩሎፍ ራሱ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የወልተር ተማሪ ነበር። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘው «መምህር» ብሎ ባርኔጣውን ያነሣል። በጥር ወልተር ስለ ማሪት ቃሉን ሰጠ፤ የሙያ ትምህርት ቤት አለ። ሩሎፍ መምህር ካሉ ነው ብሎ ፈረመ። ማሪት እጅጌዋን ጠቀለለች።

እኔ ስሰማ ደሜ ፈላ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወልተር፣ የፈተንከው ልጅቷን ነው ወይስ ቤቷን?» አልኩት።

«ቤቷም አብሯት ይማራል፣ ያኮባ። ብቻዋን አትኖርም» አለኝ።

ቡናዬን ጥዬ ወጣሁ። ለሁለት ሳምንት በአራት ሰዓት ተኩል ዕረፍት አብሬው አልተቀመጥኩም፤ እሱ ግን ከረሜላዬን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር፣ እኔም ሳላመሰግን እበላ ነበር።

በመጋቢት አጋማሽ ውጤቱ መጣ። ከክፍሉ ሁሉ ማሪት አንደኛ ወጣች፤ ወረቀቱ ላይኛው መንገድ ይላል። ርእሰ መምህሯ ለወልተር እስከ ሃያ አራተኛው ቀን ድረስ የመጨረሻ ቃልህን ስጥ አለችው። እኔ ነግሬህ ነበር የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ኮሪደሩን ተሻግሮ መጣ፤ አረንጓዴውን ደብተር ይዟል። እስከዚያ ቀን ማንም ሰው ሲነካው አይቼ አላውቅም። ከፍቶ ከፊቴ አኖረው።

በግራ ገጹ ላይ የዛሬ ሠላሳ ዓመት በጻፈው እጁ እንዲህ ይላል፦ «ሩሎፍ። ፈተና፦ ከክፍሉ አንደኛ። ቃሌ፦ ሙያ። ምክንያት፦ አባቱ የጭነት ጀልባ ነጂ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚያግዘው የለም። ልጁ ዝምተኛና ደስተኛ ነው።» በቀኙ ገጽ ደግሞ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከአንድ ልደት መልስ የጻፈው አለ፦ «ሞተር ይጠግናል። አግብቷል። ደስተኛ ነው። ትክክል።»

ገጾቹን ገልብጦ የዘንድሮው ላይ አደረሰኝ። «ማሪት። ቃሌ፦ ሙያ። ምክንያት፦ አባቷ ሞተር ጠጋኝ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚያግዛት የለም። ልጅቷ ዝምተኛና ደስተኛ ነች።»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው» አለኝ። «በሠላሳ ዓመት ልዩነት ያንኑ ጻፍኩ፣ አላወቅሁትም። አባቷን ሞተር ጠጋኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ አባትሽ ሞተር ጠጋኝ ነው ብዬ ልጅቷን ከለከልኳት።»

ፊቱን ሳየው ያዘጋጀሁትን ቃል ዋጥኩት፤ ለእኔ ቀላል አይደለም። የልጅቷ ነገር በአንድ ወረቀት ይስተካከላል አለኝ። የከበደው ሩሎፍ ነው። ይንገረው ወይስ ይተወው? እኔ ለእውነት ስል ከሰው ሁሉ ጋር የምጣላዋ ሴት፣ ተወው አልኩት። ሰውየው ደስተኛ ነው፤ የማይመለስ ነገር ነግረህ ምን ልትጠቅመው ነው፣ የጠራ ውሃ አታደፍርስበት አልኩ። ወልተር ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሳምንቱን ሙሉ የዳቦ ሣጥኑን እንደ ሞላች ይዟት ሲመለስ አየሁ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት በኋላ በወልተር ክፍል ተሰበሰብን። ሩሎፍ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት ግን አልለቀቀም። በትንሿ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ደረቱን ነካው። ማሪት ከአጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔም የቀድሞ መምህሯ ስለሆንኩ ከጎን ነበርኩ። ወልተር ውጤቱን አሳየና ቃሌን ቀይሬያለሁ፣ ማሪት ወደ ላይኛው መንገድ ትሂድ አለ። የደስታ ፊት ጠብቄ ነበር። ሩሎፍ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«መምህር፣ በጥር ያሉት ይበቃናል» አለ። «አንድ ወረቀት መጣ ብለው ሐሳብዎን አይቀይሩ። እኔን ይመልከቱኝ፤ ምን ጎደለኝ? ሥራዬን እወዳለሁ፣ ቤት አለኝ፣ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ናት። እርስዎ ያኔ አውቀውልኛል። ለእሷም አውቀውላታል።»

እኔ ወልተርን አየሁት። እዚህ ላይ እሺ ብሎ ዝም ቢል ነገሩ ያበቃል፣ ማንም አይወቅሰውም፣ ሰማንያ ሁለቱም አይነካም። ልጅቷ ግን አባቷ በሄደበት በር ትሄዳለች። እሱ መሳቢያውን ከፍቶ ደብተሩን አወጣና የሩሎፍን ገጽ ገልጦ ፊቱ አስቀመጠለት።

ሩሎፍ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደብተሩን ሳይዘጋ እጁን አነሣ።

«አውቀዋለሁ» አለ።

ወልተር ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ።

«የዛሬ አራት ዓመት እናቴ የሞተች ጊዜ የጀልባው ወረቀቶች ያሉበትን ቆርቆሮ ከፈትኩ። የፈተናዬ ወረቀት እዚያ ውስጥ ነበረ። አንደኛ ይላል። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት» አለ። «መጨረሻ ላይ ፈተናው ተሳስቷል አልኩ። መምህር አይሳሳቱም ብዬ። አጣጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት።»

ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ እንደዚያ በመሆኑ ነው አንጀቴን የበላው። ሰውየው የገዛ ጭንቅላቱን ከመምህሩ ቃል ጋር አመዛዝኖ፣ የተሳሳተው ጭንቅላቴ ነው ብሎ አራት ዓመት ኖሯል።

«ፈተናው አልተሳሳተም፣ ሩሎፍ» አለ ወልተር። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሩሎፍ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ተመለከተ። ፊቱ ጠቆረ፤ ተነሥቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ማሪት እጅጌዋን መጠቅለል ትታ አባቷን ታየዋለች።

«ያኔ ከፍ አድርገውኝ ቢሆን ምን እሆን ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አላውቅም» አለው ወልተር። «የወሰድኩብህ እሱን ነው። አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሩሎፍም፣ ሥራዬን ግን እወዳለሁ፣ ይህንንም ደግሞ ማንም እንዳይወስድብኝ አለ። ወልተርም አልወስድብህም አለው። ከዚያ ሩሎፍ ወደ ልጁ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝና አፈርኩ። ከጥር ጀምሮ ስለዚህች ልጅ ተጣልቻለሁ፣ አኩርፌያለሁ፣ ጮኼያለሁ፤ እሷን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ወልተርም አልጠየቃትም።

«ላይኛውን» አለች ማሪት። «ካቃተኝ እወርዳለሁ። አባዬ፣ የሞተር ክፍሉ መሰላል ለመውረድ አይከብድም፣ የሚከብደው መውጣቱ ነው ትለኝ የለ? ስለዚህ ከላይ ብጀምር ይሻላል።»

ወልተር ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከታች የጀመረ ይወጣል ሲለን የኖረ ሰው ነው። ሩሎፍ መጀመሪያ ሣቀ፤ እኔም መያዝ አልቻልኩም፤ በመጨረሻ ወልተርም ሣቀ፣ ዓይኑን እየጠራረገ። ሩሎፍ ወረቀቱን ስቦ ፈረመ።

ሊነሡ ሲሉ ወልተር ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ በደብተሩ ቀኝ ገጽ ላይ «ትክክል» የምትለዋን ቃል ሊሰርዝ ጎንበስ አለ። ሩሎፍ እጁን ያዘው። ደስተኛ ነው የሚለው እውነት ስለሆነ አይሰረዝ አለው። እስክሪብቶውን ተቀበለና፣ ከሥሯ በዚያ በዘይት በጠቆረ ጣቱ ቀስ ብሎ ጻፈ። ልጁንም ይዞ ሄደ። እኛ ጎንበስ ብለን አነበብነው።

«ደስተኛ ነኝ። ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

ወልተር በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ወጣ። በስንብቱ ላይ ሩሎፍ ራሱ ያጨሰውን የወንዝ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣለትና እንደ ልማዱ «መምህር» ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። ስምንተኛ ክፍል ለእኔ ተሰጠኝ። አረንጓዴውን ደብተር ይተውልኛል ብዬ ነበር፤ አልተወልኝም። ገና ሥራ አለኝ አለ።

ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ በመስከረም የባለቤቴ ልደት ላይ ነው። ወንበሮቹን ዞሮ፣ ሁሉንም ጨብጦ ሲያበቃ አንድ የቀድሞ ተማሪው አጠገብ ተቀመጠ። ሰውየው ጣሪያ ይሠራል፣ ደብተሩ ላይ «ትክክል» ከተባሉት አንዱ ነው። ወልተር አሁን ምን ትሠራለህ ብሎ አልጠየቀውም፣ ያንን ያውቀዋል። ያኔ አንተ ምን ፈልገህ ነበር ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ኬኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አወራለት። ወልተር «ትክክል» ያላቸውን ሁሉ በየቤታቸው፣ ቀጠሮ እየያዘ፣ እየዞረ ነው። ብዙዎቹ በእርግጥም ትክክል ነበሩ። አንዳንዶቹ አልነበሩም፤ እነሱን ራሳቸውን ገጻቸው ላይ ያስጽፋቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አይብ ተራ አገኘሁት። ብስክሌቱን ተደግፎ ከረሜላ እየጠባ ነበር።

«ሰባ ስምንት» አለኝ። «ገና ይወርዳል።»

ሰው ውጤቱ ሲወርድ እንዲህ ፊቱ ሲፈካ አይቼ አላውቅም። እጄን ዘርግቼ ጨበጥኩትና እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።